የፍሬን ሸራና የጠመኔ ምልክት፦ ስለ አሮጌ መኪናና ስለ አዲስ መለዋወጫ

ሐረር ሄዳችሁ የምታውቁ ተማሪዎች በጀጎል ዙሪያ የሚመላለሱትን አሮጌ ፔጆዎች ሳታዩ አልቀራችሁም። ወላጆቻችሁ ደግሞ ከእናንተ የበለጠ ያውቋቸዋል፤ ብዙዎቹ በልጅነታቸው አምስትና ስድስት ሆነው የኋላው ወንበር ላይ ተጨናንቀው ሄደውባቸዋል። ፔጆ 404 ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1960 ሲሆን ቅርጹን ያወጣለት የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ነው። ፈረንሳይ ውስጥ እስከ 1975 ድረስ ተመርቷል። ጠንካራ መኪና ብቻ የሚወጣውን የምሥራቅ አፍሪካ የሳፋሪ ውድድር በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፏል። የሐረር ሰው ይህን መኪና መውደዱ ያለ ምክንያት አይደለም።

ከተማችን ጅቡቲም ከእነዚህ መኪናዎች ጋር ትተዋወቃለች። የምድር ባቡሩ ከዚህ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ከዚያ ወዲህ የፈረንሳይ ዕቃ ወደ ምሥራቅ ኢትዮጵያ የሚገባበት ዋናው በር የጅቡቲ ወደብ ነበረ። አውሮፓ ውስጥ ዛሬ 404 የሰብሳቢዎች ንብረት ነው፤ ጋራዥ ውስጥ ተሸፍኖ ይቆይና ፀሐይ የወጣበት እሑድ ለሽርሽር ይወጣል። በእኛ አካባቢ ግን መኪናው አሁንም እንጀራ ነው። ባጃጅ ብዙ ሥራውን ቢነጥቀውም ጫት፣ ሽንኩርትና መንገደኛ ጭኖ ዳገት ይወጣል፣ ቁልቁለት ይወርዳል።

የመኪናው አካል 50 ዓመትና ከዚያ በላይ ሊኖር ይችላል። ፍሬኑ ግን አይኖርም። ሸራው ያልቃል፣ ጎሚኒው ይደርቃል፣ ቱቦው ይሰነጠቃል። ፋብሪካው ደግሞ ለዚህ መኪና ዕቃ መሥራት ካቆመ ቆይቷል። ስለዚህ ባለቤቱ ገበያ ወጥቶ ማን እንደሠራው የማይታወቅ አዲስ ዕቃ ይገዛል፤ አዲስ አበባ ከሆነ መርካቶ ሶማሌ ተራ፣ እዚህ ከሆነ ከመለዋወጫ ሱቆቻችን አንዱ ውስጥ። በዘንድሮው መጽሔት ላቀርብላችሁ የመረጥሁት ትምህርት ይህ ነው፦ በአሮጌ መኪና ላይ ጥራት የጎደለው አዲስ የፍሬን ዕቃ ሲገጠም ምን ይሆናል? ለምንስ ይሆናል? የሳይንስ መምህራችን ይህን ከ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር በተግባር ሠርተውታል፤ እኔም ከክፍሉ ኋላ ተቀምጬ ተከታትያለሁ።

አስቀድሜ ስለ ቃላቱ ጥቂት ልበል። ጋራዥ ውስጥ የሚነገረው አማርኛ ግማሹ ከጣሊያን የመጣ ነው። ታምቡር ከበሮ ማለት ነው፤ ጎሚኒ ትናንሽ ጎማዎች ማለት ነው። ፍሬንን ጣሊያኖች «ፍሬኖ»፣ ፈረንሳዮች «ፍራን» ይሉታል፤ እዚህ ሰፈር የምትሰሙት ሁለተኛውን ስለሆነ የእኛው ቃል ከየትኛው እንደመጣ መከራከር ትችላላችሁ። «ሸራ» ግን የራሳችን ቃል ነው፤ ሆኖም ስሕተት የለበትም። በመኪና የመጀመሪያ ዘመናት ታምቡሩን የሚይዘው ነገር እውነትም ከአስቤስቶስና ከጥጥ ክር የተሸመነ ጨርቅ ነበረና። ዛሬ ግን ሸራ የሚባለው በሙጫ የተጋገረ የቃጫ፣ የብረት ብናኝና የማዕድን ድብልቅ ነው። ጥራቱን የሚወስነውም ይህ ድብልቅና አጋገሩ ነው፤ ችግሩ በዓይን አይታይም።

አሁን ወደ ትምህርቱ። እግራችን ፔዳሉን በ200 ኒውተን ያህል ይጫነዋል እንበል፤ 20 ኪሎ የሚመዝን ዕቃ ከላዩ እንደተቀመጠበት ማለት ነው። ፔዳሉ ራሱ ፍልቃቂ ነው፤ ኃይሉን አምስት ጊዜ ያበዛዋል ብንል ማስተሩ ውስጥ ያለውን ፒስተን 1,000 ኒውተን ይገፋዋል። የማስተሩ ፒስተን ዲያሜትር 19.05 ሚሊ ሜትር ቢሆን ስፋቱ 285 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 1,000ን ለ285 ስናካፍል በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ሜትር ላይ 3.5 ኒውተን ግፊት እናገኛለን። በ17ኛው መቶ ዘመን የኖረው ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል ያስተማረን ይህ ግፊት በዘይቱ ውስጥ ሳይቀነስ ወደ ሁሉም አቅጣጫ እንደሚደርስ ነው። ስለዚህ አራቱም ጎማ ላይ ያለው ግፊት እኩል ነው። ግፊቱ እኩል ሆነ ማለት ግን የመያዙ ኃይል እኩል ሆነ ማለት አይደለም። ብዙ ተማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ከወላጆቻችን አንዱ፣ ሙያቸው መካኒክነት የሆነ፣ ለትምህርቱ ሁለት የጎማ ሲሊንደሮች ይዘው መጥተው ነበር። ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። ቁመታቸው አንድ ነው፤ የብሎን ቀዳዳቸውም አንድ ነው፤ ቀለማቸውም አንድ ነው።

«እነዚህ ሁለቱ ይመሳሰላሉ?» ሲሉ ጠየቁ።

«አዎ ጋሼ፣ አንድ ናቸው» አለ ከፊት የተቀመጠ ተማሪ።

«ለካቸው እንግዲህ የኔ ልጅ። ዓይን አይለካም።»

ካሊፐሩ የአንደኛውን የውስጥ ዲያሜትር 22.2፣ የሌላውን 19.05 ሚሊ ሜትር አደረገው። በኢንች ብትቆጥሩት አንዱ ሰባት ስምንተኛ፣ ሌላው ሦስት አራተኛ ነው፤ ሁለቱም በዓለም ላይ በብዛት የሚሠሩ መጠኖች ስለሆኑ በቀላሉ ይቀላቀላሉ። ልዩነቱ ሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው ብሎ መናቅ ይቻላል። ስፋቱን አስሉት፦ አንዱ 387፣ ሌላው 285 ካሬ ሚሊ ሜትር። በ3.5 ሲባዛ አንዱ ሸራውን በ1,350 ኒውተን፣ ሌላው በ1,000 ኒውተን ገደማ ይገፋል። አንዱ ከሌላው 36 በመቶ ይበልጣል። ትልቁ በቀኝ የፊት ጎማ፣ ትንሹ በግራው ቢገጠም ሹፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር መኪናው ወደ ቀኝ ይጎትታል። ሁለቱ ሲሊንደሮች እያንዳንዳቸው ምንም ጉድለት የሌለባቸው ደህና ዕቃዎች ሊሆኑ እንደሚችሉ አስተውሉ። ጥፋቱ ሳጥኑ ላይ «ለዚህ መኪና ይሆናል» ብሎ የጻፈው ሰው ነው፣ ወይም ሳይለካ የገጠመው።

በአሮጌዎቹ 404 መኪናዎች ላይ የፊቱም የኋላውም ጎማ የሚያዘው በታምቡር ነው፤ የፊት ዲስክ የመጣላቸው በኋለኞቹ ዓመታት ነው። ታምቡር ደግሞ አንድ ልዩ ጠባይ አለው። ሁለቱ ሸራዎች ከውስጥ ወደ ውጭ ተከፍተው የሚሽከረከረውን ታምቡር ሲነኩ፣ ከአዟዟሩ አቅጣጫ ጋር የሚሄደውን ሸራ ታምቡሩ ራሱ እየጎተተ ይበልጥ ያጣብቀዋል። በር ሥር ሽብልቅ ስታስገቡ በሩ በገፋ ቁጥር ሽብልቁ እንደሚጠብቀው ነው። ይህ ለሹፌሩ እግር ትልቅ እርዳታ ነው። ነገር ግን የሸራው ሰበቃ ትንሽ ሲለወጥ የመያዙ ኃይል ከዚያ በላይ ይለወጣል ማለትም ነው። የግራው ሸራ ከቀኙ በጥቂቱ ቢለሰልስ ዲስክ ባለው መኪና ላይ ሹፌሩ ላያስተውለው ይችላል፤ በታምቡር ላይ ግን መሪው ከእጁ ሊወጣ ይደርሳል። የድሮ መኪና ከአዲሱ ይልቅ መጥፎ ሸራን የማይታገሠው ለዚህ ነው፤ መጥፎ ሸራ በብዛት የሚቀርበው ደግሞ ለእርሱ ነው።

ይህ ነገር በወሬ የቀረ አይደለም። ሌላ ወላጃችን ከአባታቸው የወረሱት 404 አላቸው። የራሳቸውን ሁለት ልጆችና የጎረቤት አንዲት ልጅ የሚያመጡት በእርሱ ነው። ባለፈው ዓመት ለፊት ጎማዎቹ አዲስ ሸራ ገዝተው አስገጠሙ፤ ዋጋው ከተለመደው ግማሽ ያህል ነበረ። ልጆቹን ከመጫናቸው በፊት ግን ሰው በሌለበት ሜዳ ብቻቸውን ወጥተው በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ፍሬን ያዙ። መኪናው ወደ ግራ ዞረ። ደገሙት፤ አሁንም ዞረ። ወደ ሱቁ ሲመለሱ ባለሱቁ «የተገጠመ ዕቃ አይመለስም» አላቸው። እርሳቸው ግን ወደ ቤት አልሄዱም፤ ሸራዎቹን አስፈትተው ለክፍላችን መማሪያ አመጡልን። ለዚህም ከልብ እናመሰግናቸዋለን፤ ያ ዕቃ የአንድ ወር የቤት አስቤዛ ያህል የወጣበት ነውና።

ተማሪዎቹ ያገኙት ይህን ነው። አራቱ ሸራዎች ከአንድ ሳጥን ወጥተዋል፤ የሁለቱ ውፍረት 5 ሚሊ ሜትር፣ የሁለቱ ከዚያ ትንሽ የሳሳ ነበረ። ቀለማቸውም በፀሐይ ብርሃን ሲታይ ይለያያል፤ አንዱ ጥንድ ግራጫ፣ ሌላው ወደ ቡናማ የሚያደላ። በጥፍር ሲጫሩ አንደኛው ዱቄት ይተዋል፣ ሌላው እንደ ሸክላ ሳህን ነው። ሁለት የተለያዩ ድብልቆች በአንድ ሳጥን ተሽጠዋል ማለት ነው። በአንደኛው ሸራ ጠርዝ ደግሞ በሸራውና በብረቱ መካከል ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት ነበረ፤ ማጣበቂያው አልያዘም። ይህ ከሁሉ የከፋው ነው። ሸራው በጉዞ ላይ ከብረቱ ተላቅቆ ታምቡሩ ውስጥ ቢወሸቅ ጎማው በድንገት ሊቆለፍ ይችላል፤ ወይም ጭራሽ የሚይዝ ነገር አይኖርም።

ቀጥሎ መካኒኩ አባት ጠመኔ ጠየቁ። መምህሩ ከሰሌዳው ሥር አንድ ስባሪ አቀበሏቸው። የሸራውን ፊት ከዳር እስከ ዳር በጠመኔ ቀቡት፤ ከዚያም ታምቡሩ ውስጥ አስገብተው በእጃቸው እየተጫኑ ወዲያ ወዲህ አንሸራተቱት። ሲያወጡት ጠመኔው የጠፋው መሐል ላይ፣ ሁለት ጣት በምታህል ቦታ ብቻ ነበረ። የቀረው ነጭ እንደሆነ አለ። ምክንያቱ ጂኦሜትሪ ነው። ታምቡሩ ለብዙ ዓመታት ተበልቶና በቶርኖ ተስተካክሎ ዲያሜትሩ ሰፍቷል፤ አዲሱ ሸራ ግን የተሠራው ለአዲስ ታምቡር ነው፤ ወይም በግምት ነው የተሠራው። ትንሽ ክብ በትልቅ ክብ ውስጥ ሲገባ የሚነካካው በአንድ ቦታ ብቻ ነው። ያች ጠባብ ቦታ ሸክሙን ሁሉ ትሸከምና ትግላለች፤ ፊቷም እንደ መስታወት ይለሰልሳል። ሹፌሩ «አዲስ ሸራ አስገብቼ ፍሬኑ ከቀድሞው ባሰ» ቢል አትሳቁበት፤ እውነቱን ነው። የቀድሞ መካኒኮች ጠመኔው የጠፋበትን ቦታ እየሞረዱ፣ እንደገና እየቀቡ፣ ሸራው ከዳር እስከ ዳር እስኪነካ ድረስ ይሠሩ ነበር። ግማሽ ቀን የሚፈጅ ሥራ ነው። ዛሬ ይህን ሲሠራ ያየሁት ከእኚሁ አባት በስተቀር የለም።

እዚህ ላይ ለወላጅ መካኒኮች አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ አለበት። ፈረንሳይ ከ1997 መጀመሪያ፣ የአውሮፓ ኅብረት በሙሉ ደግሞ ከ2005 መጀመሪያ ጀምሮ አግደውታል፤ ነገር ግን የድሮ ክምችትና ክልከላ ከሌለባቸው አገሮች የሚመጣ ዕቃ ዛሬም ገበያ ላይ አለ። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከዓመታት በኋላ ካንሰር ያመጣል። ታምቡር ስትከፍቱ አቧራውን በአየር ፓምፕ አትንፉት፤ በአፋችሁማ ጨርሶ። በውኃ አርጥባችሁ በጨርቅ ጥረጉት፤ ጨርቁንም በላስቲክ ቋጥራችሁ ጣሉት። መሞረድም ካለባችሁ ሸራውን እያረጠባችሁ፣ አፍንጫችሁን በደንብ ሸፍናችሁ፣ ልጆች በሌሉበት ይሁን። በክፍላችን መሞረድ ያልተደረገውም ለዚህ ነው።

ቀጣዩ ጉዳይ ሙቀት ነው። ፍሬን ኢነርጂን አያጠፋም፤ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ብዙዎቻችሁ አርታ ለሽርሽር ሄዳችኋል። አርታ ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከነተሳፋሪው 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና ከዚያ ወደ ባሕሩ ሲወርድ የሚለቀው ኢነርጂ 1,500 ሲባዛ በ9.8 ሲባዛ በ700፣ ማለትም 10.3 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው። ይህ ሠላሳ ሊትር ውኃ ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ እስኪፈላ ድረስ ያሞቃል። (የእኛን የቧንቧ ውኃ በሐምሌ 35 ዲግሪ ነው ብላችሁ ብትጀምሩ ደግሞ 38 ሊትር ገደማ ይሆናል።) ከዚህ ውስጥ የተወሰነውን ነፋሱና ጎማው ይወስዳሉ። በሁለተኛ ማርሽ ከወረዳችሁ ሞተሩም ጥሩ ድርሻ ይወስዳል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ የሚወርድ ሹፌር ግን የሞተሩን ድርሻ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይጭነዋል። ከድሬዳዋ በላይ የደንገጎን ጠመዝማዛ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቃል።

ጥሩ ሸራ ሲግል ሰበቃው በጥቂቱ ይቀንስና ሲበርድ ይመለሳል። ርካሹ ሸራ ሲጋገር በቂ ሙቀትና ጊዜ ካልተሰጠው ግን ሙጫው በቁልቁለቱ ላይ መጋገሩን ይቀጥላል፤ ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙም በሸራውና በታምቡሩ መካከል ይገባል። እግር ይጫናል፣ ፔዳሉ ጠንካራ ነው፣ መኪናው ግን ይሄዳል። በከተማ ውስጥ ቀስ ብሎ በተደረገ ሙከራ ደህና የነበረ ፍሬን ቁልቁለት ላይ የሚከዳው እንዲህ ነው። ሬዲዮ ላይ «ፍሬን በጥሶ» የሚባለው አደጋ ሁሉ ቱቦ ወይም ሽቦ የተበጠሰበት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ምንም የተበጠሰ ነገር የለም።

ዘይቱም የራሱ ታሪክ አለው። የተለመደው የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ የእኛ ከተማ አየር ደግሞ እርጥበት አያጣም። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ 205 ዲግሪ ላይ መፍላት አለበት፤ 3.7 በመቶ ውኃ ሲቀላቀልበት ግን የሚጠበቅበት 140 ብቻ ነው። ዶት 4 አዲሱ 230፣ ውኃ የገባበት 155 ነው። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ ፓስካል የነገረን ሕግ ደግሞ የሚሠራው ለማይታመቅ ፈሳሽ ነው። እንፋሎት ይታመቃል፤ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል። ስለዚህ ተከፍቶ ዓመት የተቀመጠ ጠርሙስ በእኛ አገር ዘይት ነው ለማለት ይከብዳል። የሞተር ዘይት ወይም ሌላ የማዕድን ዘይት በፍሬን ዘይት ፋንታ መጨመር ደግሞ የጎሚኒዎቹን ነፍስ ማጥፋት ነው፤ ጎማው ያብጥና እንደ ሊጥ ይለሰልሳል።

ስለ ጎሚኒ ካነሣን አንድ የተለመደ እምነት አለ፦ «ኦርጅናል፣ በሳጥኑ ያለ፣ የድሮ ዕቃ ካገኘህ አትለፈው» ይባላል። ለብረት እውነት ነው። ለጎማ አይደለም። ከ40 ዓመት በፊት የተሠራ ጎሚኒ ሳጥኑ ባይከፈትም አርጅቷል። ቱቦም እንዲሁ ነው። ያረጀ ወይም ጥራት የሌለው ቱቦ ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ያብጥና ቀዳዳው ይጠብባል። እግር በኃይል ሲጫን ዘይቱ ያልፋል፤ እግር ሲነሣ ግን አይመለስም፤ ጎማው እንደተያዘ ይቀራል፤ ይግላል። በዚህ ሁኔታ ኦርጅናል ሸራ እንኳ አይበረክትም።

ማስተሩ ውስጥ ስላለች አንዲት ቀዳዳ ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም፤ ከሁሉም ይበልጥ የደነቀችኝ እርሷ ነበረች። የመርፌ ዓይን ታህላለች። ፒስተኑ ወደ ኋላ ሙሉ በሙሉ ሲመለስ ይህች ቀዳዳ ትከፈታለች፤ በሙቀት ያበጠው ዘይትም በእርሷ በኩል ወደ ዘይት ዕቃው ይመለሳል። መጥፎ የተሠራ ማስተር ላይ ቀዳዳዋ ትክክለኛ ቦታዋ ላይ አትሆንም፤ ወይም የብረት ፍቅፋቂ ይዘጋታል፤ ወይም ገፊው ዘንግ ትንሽ ይረዝምና ፒስተኑ እንዳይመለስ ይይዘዋል። ያኔ ማለዳ ደህና የነበረው መኪና እኩለ ቀን ላይ ፍሬኑ በራሱ ይይዛል፤ ሹፌሩ ምንም ሳይነካ። ፈተናው ቀላል ነው፦ የዘይት ዕቃውን ክዳን ክፈቱ፤ አንድ ሰው ፔዳሉን በዝግታ ይጫን፤ ፔዳሉ ገና መንቀሳቀስ ሲጀምር ዘይቱ ላይ ትንሽ ፍልቅታ መታየት አለበት። ካልታየ ያቺ ቀዳዳ ተዘግታለች። ሲፈተን ፊታችሁን አታስጠጉ፤ ዘይቱ ዓይን ያቃጥላል፣ ቀለምም ያነሣል።

እንግዲህ ወላጅ ምን ያድርግ? «ርካሽ አትግዙ» ብሎ መምከር ቀላል ነው። አንድ ደመወዝ ያለው ሰው ስድስት ነፍስ እያስተዳደረ ሁለት ዋጋ ሲጠራበት ርካሹን ቢመርጥ አልወቅሰውም። ግን ርካሹ ሁሉ መጥፎ፣ ውዱም ሁሉ ጥሩ አይደለም፤ ሦስተኛ መንገድም አለ። የድሮው ኦርጅናል ብረት ካልታጠፈና ካልተሰነጠቀ አትጣሉት። በሚታወቅ ሸራ ለጣፊ አዲስ ሸራ አስለጥፉበት፣ ታምቡሩንም ቶርኖ ቤት ወስዳችሁ አስለኩ። ብረቱ ፋብሪካው የሠራው ስለሆነ ልኩ የታወቀ ነው፤ ሸራውም ለአራቱም ከአንድ ጥቅል ይቆረጣል። ብዙውን ጊዜ ዋጋው ከውዱ ያንሳል፣ ሥራውም ከርካሹ ይሻላል።

አዲስ ከገዛችሁ ደግሞ ምልክቶቹን እዩ። በክብ ውስጥ ያለ የላቲን «ኢ» እና ከአጠገቡ ያለ ቁጥር የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ምልክት ነው፤ 1 ጀርመን፣ 2 ፈረንሳይ፣ 3 ጣሊያን ፈቃድ ሰጥተዋል ማለት ነው። ስለ ምትክ ሸራ የወጣው ደንብ ቁጥር 90 ምትኩ ከኦርጅናሉ የመያዝ ብቃት ከ15 በመቶ በላይ እንዳይለይ ያዛል። ለ1960ዎቹ መኪና የሚሠራ ዕቃ ግን ብዙ ጊዜ በዚህ ፈተና አያልፍም፤ ምልክቱ የማይታየውም ሁልጊዜ በማጭበርበር አይደለም። በሸራው ጠርዝ ላይ ሁለት የላቲን ፊደሎችም ታገኙ ይሆናል። የመጀመሪያው ፊደል የሰበቃውን መጠን በመደበኛ ሙቀት፣ ሁለተኛው ሲግል ይናገራል፦ «ኢ» ከ0.25 እስከ 0.35፣ «ኤፍ» ከ0.35 እስከ 0.45፣ «ጂ» ከ0.45 እስከ 0.55። ፊደሎቹ የጥራት ደረጃ አይደሉም፤ «ጂ» ከ«ኢ» ይሻላል ማለት አይደለም። የሚጠቅሟችሁ የግራና የቀኙ አንድ መሆኑን ለማረጋገጥ ነው። ሳጥን የሚያስመስል ሰው ፊደልም ሊያስመስል ይችላልና ከምልክቱ በኋላ ካሊፐርና ጠመኔ ይከተሉ። ከዚያም እንደ እኚያ አባት ባዶ ሜዳ፣ በዝግታ፣ ሰው ሳይጫን።

ይህ ለ404 ባለቤት ብቻ አይደለም። ተማሪ የሚያመላልሱት ሚኒባሶች ሸራ ይቀይራሉ፤ ከጋላፊ በኩል የሚገቡት የከባድ መኪና ሹፌሮቻችንም ይቀይራሉ፤ ከእናንተ መካከልም የእነርሱ ልጆች አሉ። ልጆች፣ አባታችሁ ማታ ሲመጣ «አባዬ፣ የግራና የቀኙ ሸራ አንድ ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁት አይቆጣም፤ ቢቆጣም ማግስቱን ያየዋል።

በመጨረሻ ለ8ኛ ክፍል የተሰጠውን ሒሳብ ላስቀምጥ፤ የታችኛው ክፍል ተማሪዎች ከታላላቆቻችሁ ጋር ሥሩት። ሁለት መኪናዎች በ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ ማለትም በሰከንድ 13.9 ሜትር ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ሹፌሮቹ እኩል ፍሬን ያዙ። አንደኛው በሰከንድ በሰከንድ 7 ሜትር ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ መጥፎ ሸራ ያለው ሁለተኛው 4.5 ሜትር ብቻ። አንደኛው ከ13.8 ሜትር በኋላ ይቆማል፤ ሁለተኛው 21.4 ሜትር ይፈልጋል። ልዩነቱ 7.6 ሜትር፣ የአንድ መማሪያ ክፍል ርዝመት ያህል ነው። ጥያቄው ግን ይህ አልነበረም። ጥያቄው፦ ጥሩው መኪና በቆመበት መስመር ላይ መጥፎው ሲደርስ ስንት ፍጥነት ቀርቶታል? ክፍሉ በግምት «አምስት»፣ «አሥር» አለ። በስሌት የተገኘው 30 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። አሁን እናንተ በ60 ኪሎ ሜትር ጀምራችሁ ሥሩት፤ 36 አካባቢ ካላገኛችሁ ስሌታችሁን ደግማችሁ እዩ።